ጣፋጩና ጠንካራው የወይን ጠጅ እንዴት ይሠራል?

በጓሮው የወይን ተክል ያለው ገበሬ አንድ ችግር ያውቃል። ወይን የሚደርሰው ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ዛሬ ያልተለቀመ ዘለላ ነገ የወፍ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የተርብ ነው። ገበያው ሩቅ ከሆነ ፍሬው በመንገድ ላይ ይፈርጣል። ልጆች እስኪጠግቡ ይበላሉ። ጎረቤትም ይቀምሳል። የቀረው ግን ይበሰብሳል።

ይህን ፍሬ ሳይበላሽ ለማቆየት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በንጹሕ ሰሌን ላይ አስጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ነው። አራት ኪሎ ያህል እሸት ወይን ሲደርቅ አንድ ኪሎ ያህል ዘቢብ ይወጣዋል። ዘቢብ ለልጅ ምግብ ይሆናል፤ ለገበያም ይሆናል፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም ይፈለጋል። ሃይማኖቱ መጠጥ የሚከለክለው ሰው ሥራው ይኸው ነው። ሁለተኛው መንገድ ተራ የወይን ጠጅ ማድረግ ነው። ተራ የወይን ጠጅ ግን ዕቃው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። ሦስተኛው መንገድ ጣፋጭና ጠንካራ የሆነውን፣ ከተከፈተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት የሚቆየውን የፖርቶ ዓይነት የወይን ጠጅ መሥራት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ሦስተኛውን ነው።

ይህ የወይን ጠጅ የተጀመረው የት ነው?

በአውሮፓ ፖርቱጋል የምትባል አገር አለች። በሰሜን ፖርቱጋል አንድ ትልቅ ወንዝ ይፈስሳል። ስሙ ዶውሮ ይባላል። ስሙ ዶሮን ይመስላል እንጂ ከዶሮ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ተራራ ገደል ነው። አፈሩ ትንሽ ነው፤ ድንጋዩ ብዙ ነው። ገበሬዎቹ እንደ ኮንሶ ገበሬዎች ድንጋይ እየካቡ እርከን ሠሩ። በእርከኑም ላይ ወይን ተከሉ። በበጋ እዚያ ያለው ሙቀት ከባድ ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። ስለዚህ ወይኑ በጣም ጣፋጭ ሆኖ ይበስላል።

ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ከድንጋይ በተሠራ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይጨመራል። ሰዎች እግራቸውን ታጥበው ይገቡበታል። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ተሰልፈው፣ እንደ ወታደር እርምጃቸውን እያስተካከሉ ይረግጡታል። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ሙዚቃ ይመጣል፤ ሁሉም እንደፈቀደው በወይኑ ውስጥ ይጨፍራል። ዛሬ ብዙው ሥራ በመኪና ይሠራል። ቢሆንም በእግር የሚረግጡ አሁንም አሉ። የሰው እግር ፍሬውን ይጨፈልቃል እንጂ ጠጣሩን የወይን ዘር አይሰብርም። ዘሩ ከተሰበረ ጠጁ ይመርራል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የተሠራው ጠጅ በበርሜል ሆኖ፣ በጀልባ ተጭኖ ወንዙን ይወርድ ነበር። ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ፖርቶ የሚባል ከተማ አለ። ጠጁም ስሙን ያገኘው ከዚህ ከተማ ነው። ዋናው ገዢ የእንግሊዝ ነጋዴ ነበር። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር በጠብ ላይ ስለ ነበረች የፈረንሳይን ጠጅ መግዛት አስቸገራት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1703 ዓ.ም. ከፖርቱጋል ጋር ውል ተዋዋለችና ለፖርቱጋል ጠጅ ቀረጡን ቀነሰች። ነገር ግን የባሕሩ መንገድ ረጅም ነው። ጠጁ በመርከብ ላይ እንዳይበላሽ ነጋዴዎቹ ከወይን የተጣራ አረቄ ይጨምሩበት ጀመር። ልማዱ ቀስ በቀስ ተስፋፋ። በኋላም አረቄውን የሚጨምሩት ጠጁ ፈልቶ ካለቀ በኋላ መሆኑ ቀርቶ ገና በመፍላት ላይ ሳለ ሆነ።

ገንዘብ ያለበት ሥራ ማጭበርበር አያጣውም። አንዳንዶች የጠጁን ቀለም ለማጥቆር የአንድ ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ ይጨምሩበት ነበር። ጠጁ ስሙ ጠፋ፤ ዋጋውም ወደቀ። የፖርቱጋል መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1756 ዓ.ም. የፖርቶ ጠጅ የሚሠራበትን አገር ወሰን ከለለ። ቁጥቋጦውም እንዲነቀል ታዘዘ። ከዚያ ወሰን ውጭ የተሠራ ጠጅ በአውሮፓ ገበያ ፖርቶ ተብሎ አይሸጥም። እኛም በቤታችን የምንሠራውን «የፖርቶ ዓይነት» እንላለን እንጂ ፖርቶ ነው ብለን ለሰው አንሸጥም።

አረቄ መጨመሩን የተቃወመ ሰውም ነበር። ፎሬስተር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ «ጥሩ ወይን አረቄ አያስፈልገውም» የሚል ክርክር ብዙ ዓመት ተከራከረ። በ1861 በዚያው በዶውሮ ወንዝ ላይ ጀልባው ተገልብጣ ሰጥሞ ሞተ። ክርክሩን ግን ያሸነፈው አረቄው ነው፤ ጠጪው ጣፋጩን ወደደ።

ጣፋጭነቱ ከየት ይመጣል?

ጠላ ወይም ጠጅ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ብርዝ ጣፋጭ ነው። ከቀናት በኋላ ግን ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ይፈላል፤ ያሰክራል። ይህ የሚሆነው በእርሾ ምክንያት ነው። እርሾ በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር ነው። ስኳር ይበላል። በበላው ስኳር ፈንታ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ የሚያሰክረው አልኮል ነው። ሁለተኛው አየር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። በጋን ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ይኸው አየር ነው።

የበሰለ ወይን በአንድ ሊትር ጭማቂው ውስጥ 200 ግራም ያህል ስኳር አለው። እርሾ 17 ግራም ስኳር ሲበላ በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ አልኮል ይወጣል። ስለዚህ እርሾው 200 ግራሙን ሁሉ ከበላ ጠጁ ከመቶ 12 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል፤ ጣፋጭነቱ ግን ያልቃል።

አሁን ዋናው ብልሃት ይመጣል። እርሾው ስኳሩን ግማሽ ድረስ በልቶ ሳለ ጠንካራ አረቄ ብንጨምርበትስ? እርሾ አልኮልን ራሱ ይሠራል እንጂ ብዙ አልኮል ውስጥ መኖር አይችልም። ጠጁ ከመቶ 18 እጅ አልኮል ሲደርስበት ሥራውን ያቆማል። ያልበላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ጠጁ ጣፋጭም፣ ጠንካራም የሚሆነው በዚህ ነው። የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ነፍሳትም እንደዚህ ባለ ጠንካራ መጠጥ ውስጥ አይራቡም። ስለዚህ ይቆያል።

ወይኑ ሳይበስል አይለቀም

በአውሮፓ ብርድ ሲመጣ ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በእኛ አገር ግን እንደዚያ ያለ ብርድ የለም። ካልተገረዘ ዝም ብሎ ቅጠል ያበዛል። ገርዞ ማሳረፍ የገበሬው ሥራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት የተገረዘ ወይን በአራት ወይም በአምስት ወር ውስጥ ይደርሳል። ፍሬው በበጋ ፀሐይ ይበስላል ማለት ነው። በክረምት የሚደርስ ወይን ውሃ ውሃ ይላል፤ ይሻግታልም።

ፍሬው መብሰሉን በቀለሙ ብቻ አትፍረዱ። ጥቁር ወይን ከመብሰሉ ከሳምንታት በፊት ይጠቁራል። አንዱን ፍሬ ሰንጥቁና ዘሩን እዩ። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ከዘለላው ራስም፣ ከመካከሉም፣ ከጫፉም ቅመሱ። ጫፉ መጨረሻ ነው የሚበስለው። ውሃ የምታጠጡ ከሆነ ከለቀማው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቀንሱ። ለነጩ ሻጋታ የድኝ ዱቄት የምትነሰንሱ ከሆነ ከለቀማው ብዙ ሳምንት በፊት አቁሙ። ድኝ በፍሬው ላይ ከቀረ ጠጁ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ለቀማው ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን። የበሰበሰውንና የሻገተውን ፍሬ ጣሉ። «አንድ ሁለት ፍሬ ምን ያደርጋል?» አትበሉ።

ዕቃው

የሸክላ ጋን፣ ጠርሙስ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሆናል። የወይን ጭማቂ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር ቆርቆሮን ይበላል፤ መዳብንም ይበላል። የተበላው ብረት ወደ ጠጁ ይገባል፤ ጠጪውንም ይጎዳል። ስለዚህ በቆርቆሮ በርሜልና በብረት ባልዲ ጠጅ አይጣልም።

ከዚህ የባሰ አለ። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን አስር ጊዜ ቢታጠብም መርዙ ከፕላስቲኩ አይለቅም። እንደዚህ ያለው ጀሪካን ለጠጅም፣ ለውሃም፣ ለዘይትም አይሆንም። ቀድቶ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ይበሳ።

ጋኑን በግራዋ እሹት፤ ከዚያ በፈላ ውሃ አለቅልቁት። ለጠላ እንደሚደረገው በወይራ ጭስ ማጠን ግን አይጠቅምም። የጠላ ጭስ ለጠላ ነው፤ ጭሱ የወይኑን መዓዛ ይሸፍነዋል።

መጭመቅና ማፍላት

ፍሬውን ከዘለላው እንጨት አራግፉ። እንጨቱ አብሮ ከተፈላ ጠጁን ያመርረዋል። ከዚያ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ በታጠበ እጅ ወይም በታጠበ እግር ጨፍልቁት። በሙቀጫ አትውቀጡ፤ በወፍጮም አታስፈጩ። ምክንያቱን አይተናል፤ ዘሩ መሰበር የለበትም።

የጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ ያለው በልጣጩ ላይ ነው። ተራ የወይን ጠጅ ከልጣጩ ጋር ሳምንት ያህል ስለሚቆይ ቀለሙን በዝግታ ያገኛል። የእኛው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚፈላው። በዚህ አጭር ጊዜ ቀለሙ እንዲወጣ በደንብ መታሸት አለበት። የዶውሮ ሰዎች ለሰዓታት የሚረግጡት ለጨዋታ ብቻ አይደለም።

የተጨፈለቀውን ከነልጣጩ ጋን ውስጥ ጨምሩ። ጋኑን አትሙሉት፤ ሩብ ያህሉ ባዶ ይሁን። ሲፈላ ይነሣልና። ጌሾ አያስፈልገውም። እርሾው በፍሬው ልጣጭ ላይ ራሱ አለ። አገሩ ደጋ ከሆነና በሁለት ቀን ውስጥ ካልፈላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጨመር ይቻላል። ወይኑ ጣፋጭነት ከጎደለው ደግሞ ለ10 ሊትር ጭማቂ አንድ ኪሎ የተጣራ ማር ይጨመር። ማር በአገራችን ከስኳር የተሻለ ነው፤ መዓዛውም ከወይን ጋር ይስማማል።

የጋኑን አፍ በንጹሕ አቡጀዲ እሰሩ። ትንንሾቹ ዝንቦች የኮምጣጤን ነፍስ በእግራቸው ይዘው ይመጣሉ። አየሩ ግን መውጣት ስላለበት በጭቃ አትምረጉት። መፍላት ሲጀምር ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፍና እንደ ክዳን ይሆናል። ይህን ክዳን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በንጹሕ እንጨት ወደ ታች ድፈቁት። ሳይደፈቅ ከዋለ ላዩ ይኮመጥጣል፤ ቀለሙም አይወጣም።

ብዙ ጋን በጠባብ ቤት የሚያፈላ ሰው መስኮትና በር ይክፈት። የእህል ጉድጓድ ሲከፈት ዘሎ የገባ ሰው ራሱን ስቶ እንደሚወድቅ የጉድጓድ አገር ሰው ያውቀዋል። የሚፈላ ጠጅ የሚያወጣው አየርም እንደዚያው ያለ ነው። ከመሬት ተጠግቶ ይቀመጣል፤ እስትንፋስ ያሳጣል። መብራት ዝቅ ተደርጎ ሲያዝ ከጠፋ ሰው መግባት የለበትም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቅመሱት። መጀመሪያ እንደ ብርዝ ይጣፍጣል። ከዚያ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ፣ ምላስ መንከስ ይጀምራል። ጣፋጭነቱ ግማሽ ሲደርስ ጊዜው ነው። በቆላ አንድ ቀን ተኩል ሊበቃው ይችላል። በደጋ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። ሌሊቱን አሳድሬ ነገ እጨምራለሁ ያለ ሰው ጠዋት ሲቀምሰው ጣፋጩ ሄዶ ሊያገኘው ይችላል። አረቄው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

አረቄው ስንት ይሁን?

ሒሳቡ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፈሳሹን በአቡጀዲ አጥልሉና ልጣጩን ጨምቁ። ከዚያ ስንት ሊትር እንደ ሆነ ለኩ። ከ14 ወይም ከ15 ኪሎ ወይን 9 ሊትር ያህል ይገኛል።

በፖርቱጋል የሚጨመረው አረቄ ከወይን የተጣራ፣ ከመቶ 77 እጅ አልኮል ያለው ነው። ለአራት እጅ ጭማቂ አንድ እጅ አረቄ ይበቃዋል። በእኛ አገር እንደዚህ ያለ ጠንካራ አረቄ በየቤቱ የለም። ተራ አረቄ ከመቶ 35 እጅ ያህል አለው። ሁለት ጊዜ የተጣራው ዳግም አረቄ ከመቶ 45 እጅ ያህል አለው። ስለዚህ የፖርቱጋልን መጠን እንዳለ ብንወስድ ጠጁ ደካማ ይሆናል፤ እርሾውም አይሞትም።

በዳግም አረቄ ሲሠራ ልኩ ይህ ነው። ለ9 እጅ ጭማቂ 4 እጅ አረቄ። በጣሳም ለኩት፣ በጠርሙስም ለኩት፣ ያው ነው። እንዴት ነው ቢሉ፣ ግማሽ የፈላው ጭማቂ ከመቶ 6 እጅ አልኮል አለው። 9 ጊዜ 6፣ 54 ነው። 4 ጊዜ 45፣ 180 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 234 ይሆናሉ። ጠቅላላው 13 ሊትር ነው። 234 ለ13 ሲካፈል 18 ይሆናል። የምንፈልገው ይህን ነው።

ተራ አረቄ ቢሆንስ? ለዚያው 9 ሊትር ከ6 ሊትር በላይ አረቄ ያስፈልጋል። ያን ያህል ተራ አረቄ ማለት ብዙ ውሃም መጨመር ማለት ነው። ጠጁ ይቀጥናል፤ የወይኑ ጣዕም በአረቄው ሽታ ይዋጣል። ስለዚህ ዳግም አረቄ የሌለው ሰው ተራ የወይን ጠጅ ቢሠራ ይሻለዋል። 4 ሊትር ዳግም አረቄ ብዙ እህል እንደሚበላም አትርሱ። ጎተራው ባዶ በሆነበት ዓመት ይህ ሥራ ይቅር፤ ወይኑ ዘቢብ ይሁን።

አሁን ዓይንን ስለሚያጠፋው አረቄ እንናገር። የሚጠጣው አልኮል ኤታኖል ይባላል። ሌላ ደግሞ ሜታኖል የሚባል አለ። ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ። ሽታቸው ይቀራረባል። ሁለቱም በክብሪት ይነዳሉ። ስለዚህ «ከነደደ ደህና ነው» የሚለው አባባል ከመርዝ አያድንም። ወይን ሲፈላ ከልጣጩ ጥቂት ሜታኖል ይወጣል፤ ይህ ሰውን ለመጉዳት አይበቃም። አረቄ ሲወጣም በመጀመሪያ የሚንጠባጠበው መጥፎ ሽታ ያለው ስለሆነ የጠነቀቀ አውጪ ይደፋዋል። ብዙ ሰው የሚያልቀው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አንዳንድ ስግብግብ ነጋዴ አረቄውን ለማጠንከርና ለማብዛት ለቀለም፣ ለፋብሪካ ወይም ለማንደጃ የተሠራ አልኮል ይቀላቅላል። ይህ አልኮል ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል።

ሜታኖል የጠጣ ሰው መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰካራም ይሆናል። ተኝቶ ይነሣል። ከግማሽ ቀን ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ራሱን ያመዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ዓይኑ ጭጋግ ይለብሳል። ሰዎች «ስካሩ ነው፣ ይለቀዋል» ብለው ያስተኙታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በሽተኛው በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። መድኃኒት አለው። ከዘገየ ግን ይታወራል፤ ይሞታልም። አብረውት የጠጡት ሁሉ፣ ሕመም ባይሰማቸውም፣ አብረው ይሂዱ። የተረፈውን አረቄ ለሐኪሙ ማሳየትም ይረዳል።

ስለዚህ ለጠጁ የሚጨመረው አረቄ ከማን እንደ ተገዛ የሚታወቅ ይሁን። ከማይታወቅ ሰው፣ በርካሽ፣ በጀሪካን የመጣ አረቄ አይገዛ። ከሱቅ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚሸጥ ለቁስል ማጠቢያ የሆነ አልኮል ለመጠጥ አይሆንም። ከፋብሪካ የወጣ፣ የአልኮሉ መጠን በጠርሙሱ ላይ በቁጥር የተጻፈ መጠጥም መጠቀም ይቻላል። ቁጥሩን አንብቡና በላይኛው ሒሳብ አስሉት።

ማጥለልና ማቆየት

አረቄውን በጭማቂው ላይ ጨምሩና በደንብ አማስሉ። ወዲያው በጠርሙስ አትድፈኑት። እርሾው በእርግጥ መሞቱን እንዴት እናውቃለን? ከጠጁ ጥቂት ወስዳችሁ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጉና ክደኑት። በየቀኑ በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ሳምንት ሙሉ ለስላሳ ከሆነ እርሾው ሞቷል። ከተነፋና ከጠነከረ አሁንም ይፈላል፤ አረቄ ይጨመርበት። ይህን ሳያይ በብርጭቆ ጠርሙስ የደፈነ ሰው ሌሊት እንደ ጥይት ሲፈነዳ ይሰማል። ስባሪው ዓይን ያጠፋል።

አንድ ወር በጥላ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል። ዕቃውን ሳትነቀንቁ ጥሩውን በንጹሕ ጎማ ቧንቧ ወደ ሌላ ዕቃ ሳቡት። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሳቡት። የመጨረሻው ዕቃ እስከ አፉ ይሙላ። ሸክላ ይተናል፤ ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ትልቅ ጠርሙስ ይሻላል። 13 ሊትሩ አተላው ሲወጣለት 16 ያህል የተለመደውን የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይሞላል።

በስድስት ወር ይጠጣል፤ በዓመቱ ግን የአረቄው ሽታ ይሰክናል። በፖርቱጋል በእንጨት በርሜል ውስጥ 10 ዓመት፣ 20 ዓመት የሚያስቀምጡት አለ። ያን ጊዜ ቀይነቱ ይለቅና የሻይ ቀለም ይሆናል። የገጠር ቤት ያን ያህል መታገሥ ይችላል ወይ? ሠርግና ክርስትና በየመካከሉ አሉ። ቢሆንም ሁለት ጠርሙስ ደብቆ ማቆየት አይከፋም።

ይህ ጠጅ እንደ ጠላ በዋንጫ አይጠጣም። ከጠላ በብዙ እጥፍ ጠንካራ ነው። ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ስለሚሸፍነው ሰው ሳያውቀው ይሰክራል። በትንሽ መለኪያ፣ ከምግብ በኋላ ይበቃል። ለነፍሰ ጡር፣ ለልጅና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሰጥም።

«ቀይ የወይን ጠጅ ደም ይተካል» ተብሎ ለአራስ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው። ቀለሙ ደም ስለሚመስል ነው እንጂ ደም አይተካም። ያጠባች እናት ስትጠጣ አልኮሉ በጡቷ ወተት ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። ደም ያነሳት ሴት የሚያስፈልጋት ሥጋ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንዲሁም ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረት እንክብል ነው።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ይለጠፍ። ከዓመት በኋላ «ይህ የቱ ነበር?» እንዳይባል ይረዳል። ደግሞም በሚመጣው ዓመት መጠኑን ለማስተካከል የሚቻለው የዘንድሮው ከተጻፈ ብቻ ነው። ቃል ይረሳል። ወረቀቱ ላይ እንደዚህ ብላችሁ ጻፉ፦

ወይኑ የተለቀመበት ቀን፦ የካቲት 12
የፈላበት ጊዜ፦ 2 ቀን ተኩል
ጭማቂ፦ 9 ሊትር
ዳግም አረቄ፦ 4 ሊትር
ማር፦ አልተጨመረም
የተሳበበት ቀን፦ መጋቢት 15፣ ሰኔ 10
የሚከፈትበት ቀን፦ በሚመጣው ዓመት የካቲት